የሸራ ሰፊው ስም

ኅዳር 8 ቀን 1961፣ እሑድ

ይህን ደብተር ጋሼ ፀጋዬ ከአዲስ አበባ በሾፌር ጌታቸው እጅ ላከልኝ። ውስጡ ቁራጭ ወረቀት አለ። «ለእህቴ ለወይንሸት። ያየሽውን ጻፊ። ማን፣ የት፣ መቼ ብለሽ ጀምሪ፤ የቀረው ራሱ ይመጣል» ይላል።

እንግዲህ፦ እኔ ወይንሸት ነኝ፤ ዐሥራ አምስት ዓመቴ ነው። ያለሁት ሸዋ ሮቢት፣ ከደሴ መንገድ ዳር፣ የእናቴ የእትዬ አልማዝ ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ ነው። ጊዜው ቀትር ነው። በዚህ ሰዓት ሙቀቱ ሰዉን ሁሉ ስለሚጥለው የሚፈልገኝ የለም።

ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ነው። በቴሌቪዥን ዜና ይናገራል። የፍርድ ቤቱና የፖሊሱ ወሬ የእሱ ነው፤ ሌባ ሲያዝ፣ ነፍሰ ገዳይ ሲፈረድበት ቆሞ ይናገራል። ቴሌቪዥን አይቼ አላውቅም። እማዬም አላየችም። እሷ ግን ለተመጋቢው ሁሉ፣ «የኔ ልጅ ሳጥን ውስጥ ይታያል» ትላለች። አንድ ቀን አንዱ የመኪና ረዳት፣ «እትዬ አልማዝ፣ ሳጥን ውስጥ የሚታየው እኮ ሬሳ ነው» ቢላት ወጡን ሳይጨርስ አባረረችው።

እኔ ሰው ፊት መናገር አልችልም። ትምህርቱንም ከስድስተኛ ክፍል ያስተወኝ ይኸው ነው። አስተማሪው ሲያስነሣኝ አፌ ይደርቃል። እማዬ፣ «ሳህን ለማቅረብ አፍ አያስፈልግም» ብላ አስቀረችኝ። የምናገረው ከፋዲላ ጋር ብቻ ነው። ፋዲላ የጋሽ አሊዪ ልጅ ናት። ጋሽ አሊዪ ከአጥራችን ቀጥሎ ባለው ዳስ የከባድ መኪና ሸራ ይሰፋሉ። እዚህ አገር ሸራ ሰፊ እሳቸው ብቻ ናቸው።


ኅዳር 13፣ ዓርብ

እየተቻኮልኩ ነው። ሌሊት የሽማግሌው የአብዱልሀኪም አውድማ ተቃጠለ። የማሽላው ክምር በሙሉ። ሽማግሌው እህላቸውን ሊጠብቁ ክምሩ ሥር ተኝተው ነበር። አልወጡም። ረመዳን ከገባ ገና አንድ ቀኑ ነው። እማዬ ትጣራለች።


ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ሰዉ በሹክሹክታ አንድ ስም ይጠራል፦ ወርቁ። የባለመሬቱ ወኪል የእህት ልጅ ነው። እህል ሲካፈሉ ከአብዱልሀኪም ጋር ተጣልቶ፣ «ይሄ ማሽላ ላንተም አይበጅህ» ብሎ ነበር አሉ። አየሁ የሚል ግን የለም።

አውጫጭኝ ተጠርቷል። ከነገ ጀምሮ ወንድ ሁሉ ሜዳው ላይ ይቀመጣል፤ አጥፊው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤት መሄድ የለም። ክርስቲያኑ በታቦት፣ እስላሙ በቁርአን ይምላል። ከሰባቱ ሽማግሎች ዋናው ባሻ ዘውዴ ሆነዋል።


ኅዳር 16፣ ሰኞ

ለጋሼ እንደምነግረው አድርጌ ልጻፈው።

አውጫጭኝ ላይ ያየ ሰው ተነሥቶ አየሁ አይልም። በስውር ለአንድ ሽማግሌ ይነግራል። ሽማግሌው በጉባኤ ላይ ይቆምና፣ «ወፍ ነገረኝ» ይላል። ወፉ ማነው ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ሽማግሌው ምሏል፤ ከተናገረ ለልጅ ልጁ የሚተርፍ ርግማን ነው። ወፍ ባይኖር እዚህ አገር እውነት የሚናገር አይገኝም፤ ሁሉም ቤት አለው፣ ልጅ አለው።

ዛሬ ቀትር ላይ ባሻ ዘውዴ ሊያርፉ ጓሯችን ገቡ። እኔ እዚሁ ጓዳ፣ ከጆንያው ኋላ ነበርኩ። እስላሞቹ ለሶላት ተፈቅዶላቸው ነበርና ጋሽ አሊዪ ሸራ ያደረሱ መስለው በጓሮ በር ገቡ። በግድግዳው ስንጥቅ ሁለቱንም አያቸዋለሁ።

«ባሻ፣ ዓርብ ሳይነጋ ለሱሑር ልበላ ተነሥቼ ወርቁን አየሁት» አሉ። «ከአውድማው በኩል ሮጦ መጣ። የላምባ ቆርቆሮ ይዟል። እጅጌው ይጨሳል፣ ወላሂ።»

«በቁርአን ትምላለህ?»

«ጾመኛ ነኝ። ከዚህ ወዲያ ምን ልማል?»

ባሻ ፊታቸውን አዞሩ። «እንግዲህ እኔ አንተን አላየሁህም።»

«እኔም አልመጣሁም» አሉ ጋሽ አሊዪ። ወጡ።

ለፋዲላ እንኳ አልነግራትም።


ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

ባሻ ተነሥተው «ወፍ ነገረኝ» አሉ። ወርቁን ከአጎቱ ቤት ፖሊስ ወሰደው። ወንዶቹ ወደ የቤታቸው ተመለሱ። ጋሽ አሊዪ ሸራቸውን እየሰፉ ናቸው። ፋዲላ፣ «ወፉ ማን ይሆን ግን?» አለችኝ። «እኔ ምን አውቄ» አልኳት።


ኅዳር 21፣ ቅዳሜ

ጋሼ መጣ! ላንድሮቨር ይዞ፣ ካሜራ ከሚያነሣ ሰው ጋር። ከስቷል። እማዬ እልል ስትል ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ።

ለሥዕሉ ሲባል ወንዶቹን እንደገና ሜዳው ላይ አስቀመጣቸው። «ምነው ፀጋዬ፣ ደግመህ ልታሳስረን ነው?» እያሉ ይስቃሉ። እሱ ከፊታቸው ቆሞ ያንኑ ቃል አራት ጊዜ ተናገረ። ድምፁ የሱ አይመስልም። ፊቱን በመሐረብ እየጠረገ ካሜራ የያዘውን ሰው ይቆጣል።

ምሳ ላይ ለእማዬ ሲነግራት ሰማሁ። «የዋና ዘጋቢነት ቦታ ተከፍቷል። አለቃዬ፣ ሌላው ያላመጣውን ካመጣህ ያንተ ነው ብሎኛል። እሳት በየአገሩ አለ፣ እማዬ። ታሪኩ ወፉ ነው። ወፉን የሚያሳየኝ ባገኝ።»

«ነውር ነው ልጄ» አለችው።

«ስሙን እጠራለሁ አልኩ?»

ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ «ወይንሸት፣ ደብተሩ ተስማማሽ?» አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። መልሶ ወደ እማዬ ዞረ።


ኅዳር 22፣ እሑድ

ዛሬ ጋሼ ደብተሬን አነበበው። ፊደል እንዲያርምልኝ ነው የሰጠሁት። የሰኞው ጽሑፍ እንዳለበት ረስቼ ነበር።

ሾላው ሥር ተቀምጦ ሲያነብ ከበሩ ላይ ሆኜ አየዋለሁ። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ይገልጥ ነበር። ከዚያ ቆመ። ወደ ኋላ ተመልሶ ያንኑ ገጽ እንደገና አነበበ። ሲጋራው ጣቱ ላይ አለቀ።

«አንቺ ልጅ» አለኝ፣ «ከኔ ትበልጫለሽ። እኔ ሥራ ስጀምር እንዲህ መጻፍ አልችልም ነበር።»

እንዲህ ያለኝ ሰው የለም። ጆሮዬ ጋለ።

«ጋሼ፣ የሰኞውን እንዳላየህ ሁንልኝ።»

«ስሙ ከአፌ አይወጣም። ደግሞስ ከዚህ እስከ ደብረ ብርሃን ቴሌቪዥን ያለው ማነው?»

ከዚያ ካሜራውን አስይዞ ወደ ጋሽ አሊዪ ዳስ ሄደ። ፊታቸውን አላነሣም፤ እጃቸውን ብቻ። ወስፌው ሸራውን ሲበሳ፣ ሲባጎውን ሲስቡ። ጋሽ አሊዪ፣ «የኔ እጅ ምን ያደርግላችኋል?» ሲሉ፣ «የአገሩ ሥራ እንዲታይ ነው» አላቸው። ፋዲላ እየዘለለች፣ «የአባዬ እጅ አዲስ አበባ ሊሄድ ነው!» ትላለች።

እኔ ሳቅሁ። መሳቅ ነበረብኝ።


ኅዳር 23፣ ሰኞ

ሄደ። ሲሰናበት ግንባሬን ሳመኝ። ቤቱ ጭር አለ።


ታኅሣሥ 3፣ ሐሙስ

ምሳ ሰዓት ነበር። ቤቱ ሙሉ ነው። ሾፌር ጌታቸው መኪናውን አቁሞ ከበሩ ጀምሮ እየጮኸ ገባ።

«እትዬ አልማዝ! እንኳን ደስ አለዎት! ልጅዎን ትናንት አዲስ አበባ፣ ቡና ቤት ተቀምጬ አየሁት! ከነክራቫቱ!»

እማዬ ደረቷን ይዛ ተቀመጠች። «ምን አለ? ምን አለ በለኝ።»

«ስለ አውጫጭኙ ነው የተናገረው። ወፉ በመንገድ ዳር የከባድ መኪና ሸራ የሚሰፋ አንድ ጾመኛ ሰው ነው፤ ለሱሑር ተነሥቶ ነው ያየው አለ። ከዚያ እጁን አሳዩን። እጁ ብቅ ሲል፣ ይሄማ የኛው አሊዪ ነው! ብዬ ብጮህ ቡና ቤቱ ሳቀብኝ። ስንት ዓመት ሸራዬን የሰፋ እጅ ሊጠፋኝ ነው?»

ማንም አልሳቀም። ጥግ ላይ የወርቁ አጎት ሁለት ሰዎች ይበሉ ነበር። እጃቸውን ሳይታጠቡ ተነሥተው ወጡ።

ጌታቸው ግራና ቀኝ አየ። «ምነው? ምን አጠፋሁ?»

እማዬ ወደኔ አላየችም። ወደ ማንም አላየችም።

ጋሼ ስሙን አልጠራም። ቃሉን ጠብቋል። አልጠራም።


ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

ሰዉ የሚያማው ባሻ ዘውዴን ነው። ለፀጋዬ የነገሩት እሳቸው ናቸው፣ ሥዕላቸው እንዲወጣላቸው ብለው ነው ይላሉ። ሌላ ማን ያውቅ ነበር?

ዛሬ መጥተው ብቻቸውን ተቀመጡ። ሌላ ጊዜ የሚከቧቸው ሰዎች ወንበራቸውን አዙረው ይበላሉ። እጃቸውን ሳስታጥብ፣ «በዚህ ሽበቴ ማን ቀለደበት?» አሉ ለራሳቸው። ውሃው ጉልበታቸው ላይ ፈሰሰ። «አይዞሽ ልጄ፣ ይደርቃል» አሉኝ።


ታኅሣሥ 8፣ ማክሰኞ

ጋሽ አሊዪ ዳስ ውስጥ የነበሩ ሦስት ሸራዎች በቢላ ተቆራርጠው ተገኙ። የሰው ንብረት ናቸው።

ለጋሼ ጻፍኩለት። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። «መጥተህ ባሻ እንዳልነገሩህ ለሽማግሎቹ ተናገርላቸው» አልኩት።


ታኅሣሥ 12፣ ቅዳሜ

ዒድ ነው። በየዓመቱ ዒድ ሲሆን እማዬ እነ ፋዲላ ቤት ትሄዳለች፣ ለገና እነሱ ይመጣሉ። ዘንድሮ፣ «ሰው ዓይን ውስጥ መግባት አይበጀንም» ብላ ቀረች። እኔንም ከለከለችኝ።

ፋዲላ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ በአጥሩ በኩል መጣች። ማንም አልመጣባቸውም። በወረቀት የጠቀለለችውን ጣፋጭ አቀበለችኝ። «ጾም ላይ ነሽ አይደል ወይንዬ? ለገና አስቀምጪው።»

«እሺ» አልኩ።

«አባዬ ምን አጠፋ? እውነት ነው የተናገረው።»

ወረቀቱን ደግሜ ጠቀለልኩ። ጣፋጩን ያየሁ መስሏት አላወቀችብኝም።


ታኅሣሥ 17፣ ሐሙስ

ወፍ ፍርድ ቤት አይቆምም ነበር። አሁን ግን ስለታወቁ ጋሽ አሊዪን ምስክር ሁን ብለው መጥሪያ ላኩባቸው። ለጥር 8 ነው። ከሳቸው ሌላ ያየ የለም። እሳቸው ካልቀረቡ ወርቁ ይፈታል ይላሉ።

እማዬ በአጥሩ በኩል፣ «ጋሽ አሊዪ፣ ይቅርብዎ። አልጋ ያዝኩ ይበሉ» ስትላቸው ሰማሁ።

«አብዱልሀኪም ሲቃጠል የሰማው የለም» አሉ። «አሁን ደግሞ ያየው ይጥፋ? የለም። እመሰክራለሁ።»


ታኅሣሥ 20፣ እሑድ

ፋዲላን ከወንዝ ስትመለስ በድንጋይ መቷት። ግንባሯ ተሰነጠቀ። እንስራዋ ተሰብሯል። ማን እንደወረወረ አላየችም። የለበሰችው የዒድ ቀሚሷን ነበር። ደሙን አጠብኩላት። አልለቀቀም። እሷ፣ «ተይው፣ ይበቃል» ስትለኝ እኔ ማሸቴን አልተውኩም።


ታኅሣሥ 25፣ ዓርብ

የጋሼ ደብዳቤ መጣ። እማዬ ሰዉ ፊት አስነበበችኝ። ቆሜ አነበብኩ። አፌ አልደረቀም፤ ይገርማል።

ዋና ዘጋቢ ሆኗል። የራሱ ጠረጴዛና ስልክ አለው። ሹማምንቱ ሳይቀሩ ስለዚያ ዜና አመስግነውታል። እማዬ አለቀሰች። ሰዎቹ፣ «እንኳን ደስ አለዎት» አሉ፤ ቀዝቀዝ ብለው።

ሁለት መስመር ዘልዬ ነው ያነበብኩት። አንዱ፣ «ደብተርሽ ነው እዚህ ያደረሰኝ» ይላል። ሁለተኛው፣ «ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ፊደልሽ በጣም ተሻሽሏል» ይላል።

ሌላ ነገር የለውም። ገልብጬ ጀርባውን አየሁ። ሥራ በዝቶበት ነው። አዲስ ቦታ ሲሆን ይበዛል።


ጥር 2፣ ዓርብ

ዛሬ ጠዋት ጋሽ አሊዪ በር ላይ አንድ ክብሪት ተቀምጦ ተገኘ። አዲስ ነው፣ ያልተከፈተ። ከደፉ መሐል ላይ፣ ፋዲላ ከምትተኛበት በኩል።

ጋሽ አሊዪ አንሥተው አገላብጠው አዩት። ከዚያ ወደ ልጃቸው አዩ። ቀኑን ሙሉ ወስፌ አልያዙም።


ጥር 3፣ ቅዳሜ

ሊሄዱ ነው። ሾፌር ጌታቸው ሰኞ ጠዋት ዕቃቸውን ጭኖ ይወስዳቸዋል። መጥቶ እግራቸው ላይ ወድቆ ነበር፤ አነሡት። «አንተ ያየኸውን ነው የተናገርከው። እኔም እንደዚያው» አሉት።

ሐሙስ ፍርድ ቤት የሚቀርብ የለም ማለት ነው።

ምግብ ቤት የሚመጣው ሁሉ፣ «መሐላ ያፈረሰ ሽማግሌ አገር ያስፈታል» እያለ በባሻ ዘውዴ ይፈርዳል። ሳህን አነሣለሁ፣ ሳህን አስቀምጣለሁ።


ጥር 4፣ እሑድ

ከቅዳሴ ስመለስ በቀጥታ ወደ ዳሱ ሄድኩ። ፋዲላ አልነበረችም። ጋሽ አሊዪ የጌታቸውን ሸራ እየጠገኑ ነበር፤ ነገ ዕቃቸው የሚሸፈንበትን።

«ጋሽ አሊዪ፣ የተናገሩት ባሻ አይደሉም።»

ወስፌውን አላቆሙም።

«እኔ ነኝ። ያን ቀን ጓዳ ነበርኩ። የተነጋገራችሁትን ጽፌ ለጋሼ ሰጠሁት።»

«ጠየቀሽ?»

«አልጠየቀኝም።» ከዚህ በኋላ ያልኩትን እዚህ ለመጻፍ ብዙ ቆየሁ። «ረስቼው ነበር እል ነበር። አልረሳሁም። ያችን ገጽ እንዲያያት ነው የሰጠሁት። ጎበዝ እንዲለኝ።»

ወስፌው ቆመ። መንገዱ ላይ መኪና አለፈ፤ አቧራው ሸራው ላይ ተኛ። ይመቱኛል ብዬ ነበር። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

«ባሻ ዘንድ ሂጂ» አሉ። «ዛሬውኑ። ሽማግሌ ባልሠራው አይሙት።»

«እሺ።»

«ፋዲላን ግን አትንገሪያት።»

«ልነግራት ነበር የመጣሁት። ይቅር እንድትለኝ።»

«አውቃለሁ። አትንገሪያት። ከዚህ አገር ይዛው የምትሄደው ደግ ነገር አንቺን ብቻ ነው። እሱን አልቀማትም።»

ባሻ ዘንድ ሄድኩ። ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ድምፄ ወጣ። ብዙ አዩኝና፣ «ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እጄን አስታጠብሽኝ?» አሉ። ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡ።

ማታ እማዬ ሰማች። አልጮኸችም። «ወንድምሽን ግን አታንሺው» አለች ብቻ።


ጥር 5፣ ሰኞ

ሄዱ።

ዕቃቸው ግማሽ መኪና እንኳ አልሞላም። ባሻ ዘውዴ መጥተው ጋሽ አሊዪን ትከሻቸውን ይዘው ቆዩ። ሌሎቹ ከየበራቸው ሆነው አዩ። ነገሩ ለሰው ሁሉ ደርሷል፤ እኔን ሲያዩ ዝም ይላሉ። ፋዲላ ብቻ አልሰማችም። ጋሽ አሊዪ ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ከቤት አላስወጧትም፤ ሰው እንዲቀርባትም አልፈቀዱም። እኔን ግን ፈቀዱልኝ።

ግንባሯ ላይ ያለው ቁስል ደርቋል። አንገቴን አቅፋ አለቀሰች።

«ወይንዬ፣ ከዚህ አገር ያልካድሽን አንቺ ነሽ።»

ጋሽ አሊዪ ገመድ እያሰሩ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ።

«ደኅና ሁኚ» አልኳት።

አፏን ወደ ጆሮዬ አስጠጋች። «የምንሄድበትን ለማንም እንዳልናገር አባዬ አስምሎኛል። አንቺ ግን...»

«አትንገሪኝ» አልኩ። «ፋዲላ፣ አትንገሪኝ።»

ሳቀች። የአገሩን ስም ነገረችኝ፤ የሚያርፉበትን ሰው ስም ሳይቀር። መኪናው ሲነሣ ከሸራው ሥር እጇን አውጥታ አወዛወዘች።

አሁን ቀትር ነው። ማን፣ የት፣ መቼ፣ ሁሉንም አውቃለሁ። እዚህ አልጽፈውም።